ከላይ ጥቁር፣ ከታች ቀይ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ደብሊን ከገባሁ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ስለ ዝናቡ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ዛሬ የማወራሽ ስለ ቢራ ነው፤ ከጠላ ጋንሽ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለና።

ጊነስ የሚሉት ጥቁር ቢራ አላቸው። አርተር ጊነስ የጠመቃ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1759 ሲከራይ ውሉ ለ9,000 ዓመት፣ ኪራዩም በዓመት 45 ፓውንድ ነበር። ጥቁረቱ ከየት እንደመጣ ስሰማ ግን ዓይኔ ላይ የመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ያልበቀለ ገብስ እስኪጠቁር ቆልተው ይጨምሩበታል። ብርጭቆውን ወደ አፌ ሳስጠጋው የሸተተኝ አሻሮ ስትቆዪ ጓዳውን የሚሞላው ሽታ ነው።

እዚህ ሁለት ቢራ በአንድ ብርጭቆ አስደርቦ የሚጠጣ አለ፤ እኛ ጭማቂ ቤት ስፕሪስ እንደምናዘው። ሲቀዳ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። አስተናጋጁ መጀመሪያ ስሚዝዊክስ የተባለውን ቀላ ያለ ቢራ እስከ ግማሽ ቀዳና አረፋው እስኪረጋ ጠበቀ። ከዚያ ማንኪያ ገልብጦ ብርጭቆው አፍ ላይ ያዘ፤ ጊነሱን በማንኪያው ጀርባ ላይ ቀስ እያለ አንቆረቆረው። ጥቁሩ ከላይ ቀረ፤ ቀዩ ከታች። እኔ ጥቁሩ የሚከብድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚቀለው እሱ ነው። አልኮሉም 4.2 በመቶ ብቻ ነው። አፍ ላይ ወፍራም የሚያስመስለው በናይትሮጅን ጋዝ የሚሠራው ደቃቅ አረፋ ነው።

እማዬ፣ የከነከነኝ ነገር ግን ስሙ ነው። አውሮፕላን ላይ አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው እንደሰማሁት «ብላክ ኤንድ ታን» ብዬ አዘዝኩ። አስተናጋጁ አልተቆጣኝም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ሃፍ ኤንድ ሃፍ ነው የምንለው» አለኝ። ምክንያቱን ያስረዱኝ ጎኔ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ብላክ ኤንድ ታን የሚባሉት አየርላንድ ለነፃነቷ ስትታገል፣ እ.ኤ.አ. በ1920 እንግሊዞች ለፖሊሱ የመለመሏቸው ሰዎች ናቸው። ልብሳቸው ካኪና ጥቁር የሚመስል የተደባለቀ ስለነበር ሕዝቡ በዚያ ጠራቸው። በዚያው ዓመት ባልብሪገን የምትባል ከተማ ገብተው የሰው ቤት አቃጥለዋል፤ ሁለት ሰውም ገድለዋል።

አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የካቲት 12 ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ጣሊያኖች የፈጁት ሰው ሲነሳ ድምፃቸው እንዴት ይሰበር እንደነበር ታውቂያለሽ። እንግዳ ቤታችን ገብቶ «አንድ ጥቁር ሸሚዝ ቅጂልኝ» ቢልሽ ምን ይሰማሽ ነበር? እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌው እጄን ያዝ አደረጉኝና ብርጭቆዬን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «በል ጠጣ» አሉኝ።

አመሻሹን ስለ አንቺ ጠላ ሳወራቸው ቆየሁ። ጌሾው ገባቸው፤ አሻሮው ላይ ግን ተያዝኩ። አሻሮውን «በቃው» ብለሽ ከምጣዱ የምታወጪው ምን ሲመስል ነው? ለእህቴ ንገሪያትና በስልክ ትላክልኝ፤ ነገ ማታ እዚያው ልንገናኝ ተቀጣጥረናል።

ልጅሽ