ባልና ሚስት በባሌ ተራሮች

ለጥቂት ቀናት የባሌ ተራሮችን በእግር ለመጓዝ አስባችሁ ይሆናል። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያዙ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ዲንሾ ነው፤ መንገድ መሪና የጭነት ፈረስ እዚያ ይገኛል። የመንገዱንም ጸጥታ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሁሉ በላይ ግን ከፍታውን አስቡ። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የምታድሩበትን ቦታ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ወደ ላይ አትቀጥሉ። መንገዳገድ ወይም ግራ መጋባት ከታየ በሌሊትም ቢሆን ውረዱ።

የከፍታ ሕመም ጠንካራውንም አይምርም። ነገር ግን ባል አፍሮ፣ ሚስትም ደስታውን ላለማበላሸት ብላ ሕመማቸውን ሊደብቁ ይችላሉ። አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ ገና ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ፦ አንዳችሁ «እንመለስ» ካለ ሌላው አይከራከር፤ ከተመለሳችሁም በኋላ አይውቀስ። ማታ ማታም «እውነቱን ንገረኝ፣ እንዴት ነህ?»፣ «አንቺስ?» ተባባሉ። ተራራው የትም አይሄድም።