ጠበቃውና የእናቴ ቤት

ሰው ወደ ጠበቃ ቤት የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። እኔም የሄድሁት እንደዚሁ ነበር። ያማከርኋቸው ጠበቃ ስማቸው በአደባባይ ሲጠራ ስለማይወዱ፣ እኛ የሰፈሩ ልጆች እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ብዬ አልፋቸዋለሁ።

ጋሼ የጥብቅና ሥራቸውን የጀመሩት በቤት ሽያጭ ነበር። ውል ከመጻፋቸው በፊት የሻጩን ካርታ ይመረምራሉ፤ ቤቱ በዕዳ መያዣነት አለመያዙንም ያጣራሉ። ቤት የገዙት ነጋዴዎች ኋላ በግብር ሲጨነቁ ተመልሰው ወደ እሳቸው መጡ። የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 በ2008 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ የግብር ውሳኔ ይዞ ለሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ወረቀቱ መቼ ደረሰህ?» የሚል ነበር። በአዋጁ መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን፣ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን የሚኬደው ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ፣ ክርክር ከተነሣበት ግብር ግማሹን አስይዞ ነበርና፣ ቀን ያሳለፈ ሰው እውነት ይዞም በሩ ይዘጋበታል። ጋሼም ከኮሚሽኑ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ሰበር ችሎት ሲመላለሱ ጠጉራቸው ሸበተ።

ወደ እኛ ነገር ልመለስ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ባጠራቀመችው ገንዘብ በ2003 ዓ.ም. ሁለት ክፍል ቤት ገዛች። ሻጩ የታመኑ ሽማግሌ ነበሩ። ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ፤ ቡና ተፈላ፤ ተመራርቀን ተለያየን። ያን ጊዜ በመሥሪያ ቤቴ መዝገብ ቤት ሥራ ከጀመርሁ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቁጥርና ቀን የሌለውን ደብዳቤ የማልቀበል ሰው፣ የእናቴን ውል ሳላስመዘግብ በሣጥን ቆለፍሁበት።

በ2007 ዓ.ም. ሻጩ ዐረፉ። ወራሾቹም ውሉ ይፍረስልን ብለው ከሰሱ። ጋሼ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«እትዬ፣ አልዋሽዎትም» አሏት እናቴን። «በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሰበር ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ አይጸናም ብሏል። ይህም የበታቹን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል። ገንዘብዎን ተቀብዬ ሦስት ዓመት ላመላልስዎት እችላለሁ፤ ቤቱን ግን አላስቀርልዎትም።»

እኔ ተቆጣሁ። ጠበቃ እንዴት ሳይሟገት ይሸነፋል ብዬ ሌላ ሰው ልፈልግ ተነሣሁ። «አሸንፋለሁ» የሚልም አላጣሁም። እናቴ ግን፣ «መራራውን የነገረን እኒህ ናቸው፤ እሳቸውን እንያዝ» አለች።

ጋሼ ውሉ ከፈረሰ ሁለቱም ወገኖች ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዲመለሱ የሚያዘውን ቁጥር 1815ን ይዘው ወራሾቹን አነጋገሩ። ያ ቤቱን ሊያድን ያልቻለ ወረቀት ገንዘቡ መከፈሉን አስረዳ። ገንዘቡም ሳይጎድል ተመለሰ። ይሁን እንጂ በአራት ዓመት ውስጥ የቤት ዋጋ እጅግ ንሮ ስለ ነበር፣ አንድ ክፍል እንኳ አልገዛ አለን። እናቴ ዛሬም የምትኖረው በኪራይ ቤት ነው።

ስለ ቤት፣ ስለ ግብርና ስለ ችሎት ሳስብ፣ ጋሼ ሦስት ሥራ የሠሩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሥራቸው አንድ እንደ ነበር ተረድቻለሁ፤ ይኸውም ቀኑ ሳያልፍ እውነቱን መናገር ነው። እኔም ውል ጻፍልኝ የሚለኝን ጎረቤት ብዕር ሳላነሣ እጁን ይዤ ወደ ውል አዋዋይ እወስደዋለሁ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት አንድ ቀን ለእናቴ ብጠቅስላት፣ ፈገግ ብላ «ልጄ፣ የተጻፈውም ቢሆን ካልተመዘገበ አይወረስም» አለችኝ።