የተውነው ፈረንሳይኛ

ድሬዳዋ ፈረንሳይኛን የምታውቀው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ ከገባ ጀምሮ ነው። ሃይስኩል ሳለን ከዐስር ሶላት በኋላ እንማረው ነበር፤ ከቂርአታችን ጋር ተጋጨብንና ተውነው። "የካፊር ቋንቋ ምን ሊረባችሁ!" ያሉንም ነበሩ። ሸይኻችን ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ማዘዛቸውን ነግረውን ነበር። አልሰማንም።

አምና ከማሊ የመጡ የዳዕዋ እንግዳ ሌሊት መስጂድ ውስጥ ወደቁብን። ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እኛ እንተያያለን። አረብኛቸው የሶላት ያህል ነው፤ የኛ ፈረንሳይኛ ቦንዡርና ሜርሲ። ላብ አጥምቋቸው "ሲክር፣ ሲክር" ይላሉ። ቆይቶ ገባን፤ ሱከር! የፈረንሳዮቹ ቃል ከአረብኛ የመጣ ነው። "ስኳር አለባቸው!" ብለን ጮኽን። ሲለኩት በጣም ወርዷል። አልሐምዱሊላህ፣ ደረሱላቸው።

ሲድኑ ብዙ አወሩን። ፈገግ ብለን ራሳችንን ከመነቅነቅ በቀር አንድም አልመለስንላቸውም።