የናይጄሪያ ዋዜማ በአምቦ መንገድ

ዓርብ፣ ጥቅምት 1 ቀን 2006 ዓ.ም.። አዲስ አበባ ፊቷን ወደ ስታዲየሙ ስታዞር እኔ ወደ ምዕራብ ወጣሁ። እሁድ ዋልያዎቹ ናይጄሪያን ያስተናግዳሉ፤ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለመድረስ ከቀሩት ሁለት ጨዋታዎች የመጀመሪያው ነው። ከአፍሪካ የቀሩት አሥር ቡድኖች ናቸው፣ አምስቱ ያልፋሉ፤ ከአሥሩ አንዱ እኛ መሆናችንን ለማመን አሁንም የሚቸገር ሰው አለ። ከተማው ውስጥ ሌላ ወሬ ከጠፋ ሰንብቷል። ኤፍኤሙም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹምም አሰልጣኝ ሆነዋል፤ የሚከራከሩትም በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጎሉን ማን ያገባል? ይህን ጥያቄ ጠግቤያለሁ። ከዋና ከተማው ወጣ ሲባል ይኸው ጨዋታ እንዴት እንደሚታሰብ ልስማ ብዬ አስኮ ላይ አባዱላ ውስጥ ገባሁ።

ቡራዩን እስክናልፍ ወሬ አልነበረም። የሃጫሉ ሁንዴሳ ዘፈን ከፍ ብሎ ተከፍቷል፤ የአምቦ ልጅ ነውና በዚህ መንገድ ላይ ሾፌር ሁሉ የሱ ወዳጅ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ጤፉ አረንጓዴ፣ ኑጉ ቢጫ አበባ ላይ። ሆለታ ስንደርስ ረዳቱ ቴፑን ዘግቶ ሬዲዮ ከፈተና ነገሩ ተጀመረ።

ከኋላዬ የተቀመጠው ጎልማሳ ነጋዴ አሁንም የቦትስዋናውን ጉዳይ አልረሳም። ማን ይረሳዋል! ሰኔ 1 ቀን 2005 ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን፤ በሳምንቱ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ በዚያው ውጤት ስንደግም ምድቡን ጨረስነው ተብሎ አገር ጨፈረ። ብዙ ሳይቆይ ፊፋ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ካርድ ነበረበት፣ ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አይችልም ነበር። ድሉ ተሰርዞ ለቦትስዋና 3 ለ 0 በፎርፌ ተሰጠ፣ የኛም ሦስት ነጥብ ሄደ። ከዚያ ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን እንደገና ማለፍ ግድ ሆነ። ነጋዴው የሚለው፣ «አንድ ምድብ ሁለት ጊዜ ያለፈ ቡድን ናይጄሪያን አይፈራም» ነው። ሙግቱ ደስ ይላል፤ ብዙም የሚያስኬድ ግን አልመሰለኝም። ቢጫ ካርድ መቁጠር ያቃተው ቤት የናይጄሪያውን አጥቂ ኤማኒኬን እንዴት እንደሚቆጥር አላወቅኩም።

አዲስ ዓለም ላይ ሰው ለማውረድ ቆምን። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ከጀመሩ በኋላ የተውት ከተማ ነው፤ ባሕር ዛፍ መጥቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ባያቃልል ኖሮ እሁድ ሰው የሚሰለፈው እዚህ በሆነ ነበር። ይህን ለጎረቤቴ ብነግረው፣ «ታዲያ ትኬቱ በቅርብ ይገኝ ነበር!» አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ወደ አምቦ እየተመለሰ።

ጊንጪ ለሻይ ወረድን። ከመንገዱ ወረድ ብሎ ልጆች ድንጋይ ጎል አድርገው ይጫወታሉ። ሁሉም ሳላዲን ሰዒድ መሆን ስለፈለጉ ናይጄሪያ የሚሆን ጠፍቶ ጨዋታው ቆሟል። አንድ ትልቅ ልጅ በመጨረሻ «ትናንሾቹ ናይጄሪያ ይሁኑ» ብሎ ፈረደ። ሻዩን የምታፈላው ሴት ግን ስለ ኳስ ስትጠየቅ ወደ ጀልዱ አቅጣጫ እጇን ዘርግታ፣ «የኛ ሰፈር ሩጫ ነው» አለች። እውነቷን ነው። የጀልዱው ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በ2003 ክረምት ዴጉ ላይ በማራቶን ነሐስ ወስዷል፤ ባለፈው ነሐሴ ሞስኮ ላይ ጥሩነሽ፣ መሠረትና መሐመድ አማን ወርቅ አጥልቀው ተመልሰዋል። በሩጫ ከእኛ ጋር የሚሰለፈው ሰው ነው ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣው። በኳስ ግን እኛ ነን የምናጣው። አንድ አገር በዚያው ክረምት ሁለቱንም መሆኗ ያስገርመኛል፤ ስለ ናይጄሪያ ስናወራም አፋችን የሯጭ፣ ልባችን የኳስ ተጫዋች ይመስለኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 2 ቀን 2008፣ የጊንጪ ተማሪዎች የጭልሞ ደንና የኳስ ሜዳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ ተቃውሞውም ከዚያች ትንሽ ከተማ ተነስቶ ኦሮሚያን ሲያዳርስ፣ ለእኔ የታወሱኝ ናይጄሪያ መሆን አንፈልግም ብለው የተከራከሩት ልጆች ናቸው። ከሩቅ ሆኖ ለሚሰማ «በኳስ ሜዳ የተነሳ?» ያሰኛል። ጊንጪ ወርዶ ሻይ ለጠጣ ሰው አያሰኝም።

አምቦ ስንገባ ፀሐይ ገና ነበረች። ተማሪው ከግቢያቸው ፊት ለፊት ወዳለች ጭማቂ ቤት ወሰደኝ። ዩኒቨርሲቲው በ1930ዎቹ መጨረሻ የእርሻ ትምህርት ቤት ሆኖ የተጀመረ ነው፤ አሁን የሌለበት ትምህርት የለም፤ ቢሆንም በዚያ ምሽት የሁሉም ዲፓርትመንት ትምህርት አንድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ለኢትዮጵያ፣ የቢራ ቆርኪ ለናይጄሪያ ተደርድሯል። የአምቦው ቆርኪ ሲያልቅ ከባለቤቷ ጠየቁ፣ እሷም ውሃውን ሳትጠጡ ቆርኪ አልሰጥም አለች፤ ስለዚህ ስንት አምቦ ውሃ እንደጠጣን እንጃ።

የሒሳብ ተማሪ ነኝ ያለው ልጅ መጀመሪያ ደረጃውን አወጣ። «ጥር ላይ ቡርኪና ፋሶ እኛን 4 ለ 0። የካቲት ላይ ናይጄሪያ ቡርኪናን በፍጻሜው 1 ለ 0፣ ሰንደይ እምባ። ደምሩት።» ድምሩ አምስት ለዜሮ ይመጣል። ሌላው ወዲያው ተነሳበት፦ «ዛምቢያስ? የዋንጫው ባለቤት ሆና መጥታ፣ ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶብን፣ ፍጹም ቅጣት ምት ስተን፣ በአሥር ሰው 1 እኩል ወጣን። አዳነ ግርማ ያገባውን በምን ትደምረዋለህ?» የሒሳቡ ልጅ ዝም አለ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰ ቡድን ደረጃ አይነገረውም ብለው ተስማሙ።

ቆርኪው ላይ ያለው ግምት ይህ ነው። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ኳሱን መሬት ላይ ያስኬዳል፤ አጭር ቅብብል፣ መሐል ላይ ብዙ ሰው፣ ሽመልስ በቀለ ኳስ ሲይዝ ሌላው ይንቀሳቀሳል፣ ጌታነህ ከበደና ሳላዲን ይጠብቃሉ። ናይጄሪያ ኳሱን ብትተውልንም አይቆጫትም፤ የምትፈልገው ስንሳሳት ነው። ሚኬል ቆርጦ ለቪክተር ሞሰስ ወይም ለአሕመድ ሙሳ ይሰጣል፣ ኤማኒኬ ተከላካዩን በትከሻው ገፍቶ ይሄዳል። የአየር ኳስ ላይ ቁመታችን አይደርስም፤ ኮርና አትስጡ። ከዚህ በኋላ ሁሉም ወደ ከፍታው ገቡ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሌጎስ ከባሕሩ እኩል፣ ስለዚህ በ70ኛው ደቂቃ የናይጄሪያ ንስሮች ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እኛ እንበራለን። ጭማቂ ቤቱ በዚህ አበቃ፤ 2 ለ 0፣ አንዱ 3 ለ 1።

ጥጉ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል፣ የጭማቂ ቤቷ ባለቤት «ኦቦ» ትላቸዋለች፤ የስፖርት መምህር ነበሩ፣ ፊሽካም ነፍተዋል። እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ቲቸር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላቸው አንዱ።

«እናገባለን» አሉ። ጭብጨባ ሆነ። «ከዚያስ?»

ማንም አልመለሰም።

«ካገባን በኋላ ምን እንደምናደርግ ንገሩኝ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ እሱ የለም።»

እና 1954ን አወሩ። ጥር 13 ቀን፣ አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። እሳቸው ያኔ ልጅ ነበሩ፣ በሬዲዮ ነው የሰሙት። ተጋጣሚያችን ግብጽ ናት፤ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም ትጫወት ነበር፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው እሷው ናት። በ35ኛው ደቂቃ ገባብን። በ74ኛው ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። «አገር ሲጮህ፣ እኛ እየዘለልን ሳለን፣ በ75ኛው በዳዊ ሁለተኛውን አገባ። አንድ ደቂቃ! ሬዲዮው ጎሉን ሲናገር የኛ ጩኸት አላለቀም ነበር።» በ84ኛው እንደገና አቻ ባንሆን ኖሮ ዋንጫ የሚባል ታሪክ አይኖረንም ነበር፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ሁሉም የሚያስታውሰው 4 ለ 2ን ነው። ቲቸር የሚያስታውሱት 75ኛዋን ደቂቃ ነው።

«ባለፈው ጥርም ያው ነው» አሉ ወደኔ ዞረው። በአፍሪካ ዋንጫው ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያን እስከ 80ኛው ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ ይዘናት ነበር። ሞሰስ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት፣ መጨረሻ ላይ ሌላ። በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ፣ ቅያሪው አልቆ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ ጎል ውስጥ ቆመ። «ትንፋሽ አልነበረም ያነሰን። ከፍታ ከፍታ ትላላችሁ፤ ትንፋሽ ያለው ሰው ጨዋታ ሲያልቅበት አይታችሁ አታውቁም?»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጨዋታ ያነበብኩት ግምት ሁሉ ከዚህች ጥያቄ ያነሰ ሆኖብኛል። አንባቢ ውጤቱን ያውቀዋል። እሁድ ከእረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ አገባ፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ኤማኒኬ አቻ አደረገ፤ በ90ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት፣ እንደገና ኤማኒኬ፣ 2 ለ 1። በወሩ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተጨመረበት። ናይጄሪያ ከኛ ትሻላለች፣ ይህ አከራካሪ አይደለም። ነገር ግን ደካማ የሚባል ቡድን ጠንካራውን ሲገጥም የሚዘጋጀው ሲመራ ላለመደንገጥ ሳይሆን እንዴት እንደሚመራ ብቻ ነው፤ የኛም ዝግጅት፣ ከኤፍኤሙ እስከ ቆርኪው፣ ጎሉ ላይ ያልቅ ነበር። ሌሎች ብዙ ቡድኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ቲቸር ግን ሌሎቹ አይመለከቷቸውም።

ከጭማቂ ቤቱ ምሽት ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ገበያ ነው። የአምቦ መንገድ በአህያና በጋሪ ተሞልቷል፤ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ የመጣ ሰው ሁሉ እህል ይዟል። አንዱ ነጋዴ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መለያ ከጎመን ጎን ሰቅሎ ይሸጣል፤ ጠዋት ከጠየቀው ዋጋ ከሰዓት በኋላ ጨምሯል፣ ነገ ደግሞ ሰኞ ስለማይገዛው ሰው እያሰበ ይቀንሳል ብዬ ሳልገዛ ቀረሁ። ምሳ ለመብላት ወደ ጉደር ተሻገርኩ፤ 12 ኪሎ ሜትር ነው። ስለ ጉደር ፏፏቴና ስሙን ስለወሰደው ወይን ብዙ ተጽፏል። እኔን ያስደሰተኝ በምግብ ቤቱ ውስጥ ስለ ኳስ የሚያወራ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ወሬው ጤፉ ሳይታጨድ ዝናብ እንዳይመጣ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ናይጄሪያን ረሳኋት።

እሁድ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ወይስ እዚሁ ልይ ብዬ አመነታሁ። ትኬት የለኝም፤ ያለ ትኬት ስታዲየም በር ላይ መቆም ደግሞ ጩኸት ብቻ መስማት ነው። አምቦ ቀረሁ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያረፍኩበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ወንበር ይደረደራል። ባለቤቱ ሕጉን ያወጣው በቃል ነው፦ መግቢያ የለም፣ ግን እያንዳንዱ ሰው አስቀድሞ የሚጠጣውን ያዝዛል፤ ጠርሙስ ይዞ የቆመ አይኖርም፤ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር አለ፣ ነዳጁን ግን ታዳሚው ያዋጣል። በዚህ የመጨረሻው ላይ ጠብ ተነሳ። ናይጄሪያ ያገባች እንደሆነ ነዳጅ አናዋጣም የሚሉ ነበሩ፤ ባለቤቱ ጄኔሬተር ጎል አይለይም አለ።

ቲቸር ከሁሉም ቀድመው መጡና ቴሌቪዥኑ ፊት ያለውን ወንበር ትተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ካገባን እወጣለሁ» አሉ፣ «ውጪ አሥር ደቂቃ ቆሜ እመለሳለሁ።»

ባለቤቱ ይህን ሰምቶ መጣ። «ኦቦ፣ ከወጡ ወንበሩን ሰው ይይዘዋል፣ እኔ አልጠብቅልዎትም።»

«የሁለት ሰው ልክፈል?»

ትንሽ አሰበና ሁለት አምቦ ውሃ ጻፈባቸው።