በቅሎ ቤት ወራጅ አለ

ልጁ የተሳፈረው ቃሊቲ መናኸሪያ ላይ ነው። ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያውን እንዳይነካ አጎንብሶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጥቂት እንደሄድን ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ በቅሎ ቤት ስንደርስ ይነግሩኛል?» አለኝ። እነግርሃለሁ አልኩት። ሳሪስን ስናልፍ ደግሞ፣ «በቅሎዎቹ ከመንገድ ላይ ይታያሉ?» ብሎ ጠየቀ።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ሰው ሲጠራ ስለነበር የሳቁን ምክንያት አልሰማም፤ ቢሆንም አብሮን ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄን ስጨርስ ግን አፈርኩ። ዱከም ቤት ይዤ ለገሃር አካባቢ ወዳለው መሥሪያ ቤቴ መመላለስ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። መሄጃው 37 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መመለሻውም ያው። «በቅሎ ቤት ወራጅ አለ» ሲባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቁጥሩን አንድዬ ይወቀው። አንድም ቀን ግን በቅሎ ትዝ ብላኝ አታውቅም። ከመካከላችን ስሙን በትክክል የሰማው ያ እንግዳ ልጅ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የፌርማታ ስም ሲጠራ ዝም ብሎ ማሳለፍ አቃተኝ። በደብረ ዘይት መንገድ ወደ መሐል ከተማ ስትገባ ላንቻና በቅሎ ቤት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ትንሽ ወረድ ብሎ ለገሃር አለ። አንዱ የመኪና፣ አንዱ የበቅሎ፣ አንዱ የባቡር ስም ነው። በሦስቱም ቦታ ዛሬ መኪናውም፣ በቅሎዋም፣ የድሮው ባቡርም የሉም። ጠዋት ጠዋት ሰዎች የምንሠለፈው ወደሌሉ መጓጓዣዎች ለመሄድ ነው ማለት ነው።

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የሰፈር ስሞቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ስትጠይቃቸው አጎታቸውን ይጠሩልሃል። ለገሃርን ልውሰድ። እኔ ስሙ ኦሮምኛ ነው ብዬ ነው ያደግሁት። ለገ ጣፎ አለ፣ ለገ ዳዲ አለ፤ ለገሃር ምን ያንሰዋል? «ለገ» ወንዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ዱከም ተወልዶ ያደገ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ሃራ» በኦሮምኛ አዲስ ማለት ነው ሲለኝ ነገሩ ተዘጋ፤ ለገ ሃራ፣ አዲስ ወንዝ። ወንዙ የት ገባ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ ለብዙ ዓመታት በዚሁ ተመችቶኝ ኖርኩ።

ያፈረሱብኝ ጎረቤቴ ናቸው። የድሮው ምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ከመስመሩ የተረፋቸው ጡረታቸውና ፈረንሳይኛቸው ነው። «ላ ጋር ነው የሚባለው» አሉኝ፤ «ላ»ውን ለብቻው፣ «ጋር»ን ከጉሮሯቸው አውጥተው። «ላ ጋር ማለት ጣቢያው ማለት ነው። እናንተ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ትላላችሁ። ጣቢያው ባቡር ጣቢያ! አሁን ይሄ ምን የሚሉት ንግግር ነው?» ልመልስላቸው ሞከርኩ፤ ስም አንዴ ከተዋጠ በኋላ ማን ያኝከዋል አልኩ። አልሰሙኝም። ዛሬም ከእሳቸው ጋር ስሄድ ረዳቱ ሒሳብ ሲቀበል «ላ ጋር ሁለት ሰው» ይላሉ፤ ረዳቱም «የት?» ይላል፤ እኔም «ለገሃር» ብዬ አስተረጉማለሁ።

ባቡሩ ራሱ ለገሃር የደረሰው በብዙ መከራ ነው። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ነው። እዚያ ቆመ። ገንዘብ አለቀ፣ የፈረንጅ መንግሥታትም መስመሩ የማን ይሁን ብለው ተናከሱ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ እዚያ በቆመባቸው ዓመታት እስከ ድሬዳዋ በእሳት ኃይል የመጣው ዕቃ ከዚያ በኋላ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ጀርባ ነበር። በቅሎ ቤትና ለገሃር እንዲህ የተቀራረቡት በአጋጣሚ ቢሆንም፣ እኔ ግን በቅሎዋ ባቡሩን እየጎተተች ያመጣችው ይመስለኛል።

«ባቡር» የሚለው ቃልም የራሱ ጉዞ አለው። መነሻው እንፋሎት ነው፤ ፈረንጆቹ «ቫፖር» ያሉት ዐረብ አፍ ገብቶ «ባቡር» ሆነና ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ መጣ። ስለዚህ እንፋሎት ያወጣ ሁሉ ባቡር ተባለ። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት መኪና ሐዲድ ባይኖረውም የሰርኪስ ባቡር ነበር። የእህል ወፍጮውም ባቡር ነው። አያቴ «ባቡር ቤት ደርሼ መጣሁ» ሲሉ ዱቄት ለብሰው ይመጡ ነበርና፣ ልጅ ሆኜ ባቡር የሚሳፈር ሰው ነጭ ሆኖ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ላንቻ እንመለስ። ላንቺያ ቪንቼንዞ ላንቺያ የተባለ ሰው በፈረንጆች 1906 ቱሪን ላይ ያቋቋመው የመኪና ፋብሪካ ነው፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ቃሉ በጣሊያንኛ ጦር ማለት ነው። የሚወረወረው ጦር። ከላንቻ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ጠመንጃ ያዥ የሚባል ፌርማታ አለ። በዚህ መስመር በሰላም ቢሮ መግባታችን ተአምር ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባን የያዘው አምስት ዓመት ብቻ ነው። ቃሉ ግን እስካሁን አልወጣም። «ፌርማታ» ጣሊያንኛ ነው። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ኮፋኖው፣ ታርጋው፣ ቦሎው፣ ከጣሪያው ላይ ያለው ፖርቶ መጋላ ሁሉ የእነሱ ነው። ሾፌሩ ብቻ ከፈረንሳይ መጣ። የረዳቱን አፍ ስትሰማ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠጋ በሉ፣ ትርፍ የለም፣ ሞላ፣ ሳበው፣ ወራጅ አለ። ብረት የሆነውን ሁሉ ስም ከውጭ አስገባን፤ ብረቱ ውስጥ ተጠጋግቶ መቀመጥን ግን ማንም አላስተማረንም። ሙዚቃ የሚያውቅ ወዳጄ እንደነገረኝ ደግሞ «ፌርማታ» የኖታ ምልክትም ነው፤ ምልክቱ ያለበትን ድምፅ መሪው በቃ እስኪል ድረስ ያዘው ማለት ነው አሉ። እንግዲህ ታክሲ ውስጥ ገብቶ አሥራ አንደኛውን ሰው የጠበቀ ሁሉ ይህን ምልክት ማንበብ ይችላል።

ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ላሉ ሰፈሮች ድሮ የነበረው «ውይይት» ነው። ኋላው ላይ ሸራ ወይም ቆርቆሮ የለበሰች ፒካፕ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር፣ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ። ጊዜው የደርግ ነበር፤ ቀበሌው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ማኅበሩ ሁሉ የውይይት ክበብ ያለው ዘመን። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥሞ ሲቀመጥ ሌላ ምን ይባላል? የዚያን ስም አውጪ ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። ሌላው ሁሉ ስም ከመኪናው ፋብሪካ ወይም ከሰፈሩ ታሪክ የመጣ ነው፤ ይህ ከቀልድ የተወለደ ነው።

አሁን ከቃሊቲ ቀላል ባቡርም አለ፤ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ። ቀላልነቱ በስሙ ነው፤ በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚሳፈር ሰው ይረዳኛል። እኔ የምወድለት የፌርማታ ስሞቹን ነው። ነፋስ ስልክን ያልፋል፤ ሽቦ የሌለው ስልክ ማለት ነው፣ የድሮ የሬዲዮ መገናኛ። በዚያ ስናልፍ ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በየእጁ የያዘውን ነፋስ ስልክ ይነካካል። ከለገሃር ቀጥሎ ደግሞ ሜክሲኮ አለ። የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ስለነበረች ነው አደባባዩ በስሟ የተጠራው። እነሱም ብድሩን መልሰዋል፤ በሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡር ሦስተኛ መስመር ላይ በፈረንጆች 1980 የተከፈተ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አለ፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። እዚያ አንድ ሰው በየጠዋቱ ቡናውን ጠጥቶ «ኢትዮጵያ እወርዳለሁ» እያለ ይወጣል። የት እንዳለች ይወቅ አይወቅ እንጃ።

ይህን ሁሉ የምለው በራሴ ፌርማታ ምክንያት ነው። መንደራችን ከዱከም ዋና መንገድ ገባ ያለ አዲስ ሰፈር ነው። እኛ ስንገባ ስም አልነበረውም፤ «እዚህ ጋ» እያልን ነበር የምንወርደው። አንድ ቀን መታጠፊያው ላይ ሲኖትራክ ገልባጭ መኪና መጥቶ ቆመ። አሸዋ እንደጫነ ነው የቆመው። መኪናው ምንም አልሆነም፤ የተበላሹት ባለቤቶቹ ናቸው። በሽርክና የገዙት ሁለት ሰዎች ተካሰው፣ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይንቀሳቀስ ታገደ። ክርክሩ ሁለት ክረምት ፈጀ። አሸዋው ላይ ሣር በቀለ፤ በፍልሰታ ጊዜ አንዲት ፍየል እላዩ ላይ ወጥታ ሣሩን ስትግጥ ያየሁ እኔ ነኝ።

በዚያ ጊዜ አንድ ዘመዴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ በስልክ «ሲኖው ጋ ውረድ» አልኩት። እንግዲህ የሰፈራችንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ጡረተኛው ጎረቤቴ አይቀበሉም፤ እሳቸው ቀደም ብለው ለውኃ አቅራቢው በዚሁ ስም እንዳመላከቱ ይምላሉ። ሁለታችንም ምስክር የለንም። የሆነው ሆኖ በጥቂት ወር ውስጥ ረዳቶቹ ያዙት፤ ረዳት የያዘውን ደግሞ ማንም አያስለቅቅም። ለቢሾፍቱ «ቢሾፍቱ፣ ደብረ ዘይት!» እያሉ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ለእነሱ ስም የሚጨመር እንጂ የሚቀነስ ነገር አይደለም። ጎረቤቴን አንድ ምሽት፣ «ሲኖ እኮ ቻይና ማለት ነው፤ በቻይና ስም ልንጠራ ነው?» ብላቸው፣ «የኛ ጊዜ ፈረንሳይ ነበር፤ ተራው ነው» አሉኝ።

መኪናው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሄደ። ሥራ ስሄድ ነበር፣ ስመለስ የለም። አሸዋውን መንገድ ዳር ደፍተውት ሄደው፣ የሰፈሩ ሰው እስከ እሑድ በጋሪ ሲያግዘው ከረመ። ማታ ታክሲው ውስጥ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ። ከኋላ ያለች ተማሪ፣ «ሲኖ ወራጅ አለ» አለች፤ ሾፌሩም ባዶው መታጠፊያ ላይ ሳያቅማማ ቆመ።

ባለፈው ሰሞን እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ሱቅ ተከፈተ። በቀይ ቀለም፣ በትልልቅ ፊደል «ሲኖ ሥጋ ቤት» ይላል። ገባሁ። ባለቤቱ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ከሌላ ከተማ በቅርብ የመጣ ጎልማሳ ነው። ቢላዋውን እየሳለ ሳለ፣ ስሙን ለምን እንደመረጠ ጠየቅሁት።

«የሰፈሩ ስም ነው እኮ፣ ጋሼ። ለሰፈሩ አዲስ ነዎት እንዴ?» አለኝ።

«ትንሽ ቆየት ብያለሁ። ግን ሲኖ ምን ማለት ነው?»

ቢላዋውን አስቀመጠ። «ድሮ እዚህ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው ይላሉ። ይሄ ሁሉ መሬት የሳቸው ነበር አሉ። በጣም ደግ ሰው ነበሩ ነው የሚባለው፤ ከዚህ መታጠፊያ አይነቃነቁም ነበር።»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ዝልዝል አስመዘንኩና ነፍሳቸውን ይማር ብዬ ወጣሁ።