እምነትና ደራሽ ውኃ

ባለፈው ክረምት ከታይዋን ገበያ ስንመለስ አብሮኝ የሚማር ወንድም ከቁርጭምጭሚት ያላለፈውን የደቻቱን ውኃ አይቶ፥ «እግዚአብሔር ይጠብቀናል፤ እንሻገር» አለኝ። እጁን ይዤ አስቀረሁት። ብዙም ሳይቆይ ደራሽ ውኃ አሸዋውን ሞላው።

በሐረርጌ ደጋ የወረደ ዝናብ ከተማችን ሳያካፋም ደቻቱን ይሞላዋል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍሳትን ወስዷል። የሚሮጥ ውኃ ከጉልበት በታች ሳለም ሰውን ይጥላል። ስለዚህ ደጋው ሲጠቁር ከአሸዋው ወጥቶ ከፍ ባለ ስፍራ መቆየት ይገባል።

ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ እንቢ ያለው፥ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ሲያስተምረን ነው። ኖኅም መርከቡን የሠራው ዝናቡ ሳይጀምር ነበር። መጠንቀቅም የእምነት ሥራ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።