ወደ ዛንዚባር የሚሄድ ሰው ምን ይጠይቅ?

የአገራችን አየር መንገድ ወደ ዛንዚባር መብረር ከጀመረ ወዲህ ደሴቲቱ ለእኛ ሩቅ አገር መሆኗ ቀርቷል። ለጫጉላ ሽርሽር የሚሄድ አለ፣ ለሥራ ዳሬሰላም ደርሶ በጀልባ የሚሻገር አለ። ሁሉንም የሚቀበላቸው ማስታወቂያ ግን ተመሳሳይ ነው፤ «እውነተኛዋን ዛንዚባር እናሳያችኋለን» ይላል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝርም ያው ነው፦ የቅመም እርሻ ጉብኝት፣ የመንደር ጉብኝት፣ ባሕር ዳር ላይ ቀይ ጨርቅ ለብሰው የሚዘሉ የማሳይ ጎረምሶች፣ በእራት ሰዓት ከበሮ። ብዙዎቻችን ይህን «እውነተኛ» የሚሉትን ነገር ስንፈልግ የተሳሳተ መለኪያ ይዘን የምንሄድ ይመስለኛል። ጥንታዊውን፣ ያልተበረዘውን፣ የውጭ እጅ ያልነካውን እንፈልጋለን። በዚህ መለኪያ ከሄድን ዛንዚባር ላይ አንድም እውነተኛ ነገር አናገኝም። የሚሻለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ነገሩ ሲበላሽ «ኧረ ይሄ ልክ አይደለም» የሚል የአገሬው ሰው አለ ወይ? አራሚ ያለው ባህል በሕይወት ያለ ባህል ነው። አራሚ የሌለው ደግሞ፣ የቱንም ያህል ጥንታዊ ቢመስል፣ ለእንግዳ ተብሎ የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ የ«ንጹሕ» ባህልን ነገር እናንሳ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ደሴቲቱ ስሟን ያተረፈችበት ቅርንፉድ የዛንዚባር በቀል አይደለም። ትውልዱ ዛሬ የኢንዶኔዥያ አካል በሆኑት የሞሉካ ደሴቶች ነው። ወደ ዛንዚባር የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ ተክለውና ለቅመው ያስፋፉት ከዋናው ምድር ታድነው የመጡ ባሮች ናቸው። ፒላውና ቢሪያኒው፣ ቻፓቲውና ሳምቡሳው ከሕንድና ከዓረብ አገር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። በደቡብ፣ በማኩንዱቺ መንደር በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የሚከበረው ምዋካ ኮግዋ እንኳ የፋርስ አዲስ ዓመት ውርስ እንደሆነ ይነገራል። በዚህ ድብልቅ ውስጥ እኛም አለንበት። በ1870 ዙፋን ላይ የወጣው ሱልጣን ባርጋሽ ከሐበሻ እናት የተወለደ ነው፤ እናቱ የአባቱ የሱልጣን ሰዒድ ቁባት ነበረች። ይህን በ1886 በታተመው ትዝታዋ የመዘገበችው በአባት የምትገናኘው እህቱ ልዕልት ሳልሜ ናት። በ1873 በእንግሊዞች ግፊት የባሪያ ንግድን የሚከለክለው ውል ተፈርሞ የከተማው የባሪያ ገበያ የተዘጋው በዚህ የሐበሻ ልጅ ዘመን ነው። በ1883 ከባሕሩ ፊት ለፊት «የድንቆች ቤት» የተባለውን ትልቅ ሕንፃ ያሠራውም እሱ ነው። ሕንፃው በ2020 በገና ዕለት በከፊል ተደርምሷል። ይህን ታሪክ የሚያወራ አስጎብኚ ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሌላው ሁሉ የማይሰጠውን ሰጠው ማለት ነው፤ የሚያሳዝነው፣ የሚጠይቀው ጎብኚ ጥቂት ነው።

ሁሉም ከውጭ ከመጣ ታዲያ የዛንዚባር የሆነው በምንድን ነው? ታአራብ የሚባለውን ሙዚቃ እንይ። ሱልጣን ባርጋሽ ከግብፅ ሙዚቀኞች እንዳስመጣ፣ አንድ የደሴቲቱን ሰውም ካይሮ ልኮ ቃኑን የተባለውን ባለ ብዙ ክር መሣሪያ እንዳስተማረ ይነገራል። በዚያ ጊዜ ታአራብ በዓረብኛ የሚዘፈን፣ ለቤተ መንግሥት ጆሮ የተሠራ ነገር ነበር። ወደ ሰፈር ያወረደችው ሲቲ ቢንቲ ሳአድ ናት። በ1880 ገደማ ፉምባ በምትባል መንደር ከድሃ ቤተሰብ የተወለደች፣ ማሰሮ እየዞረች ስትሸጥ ያደገች ሴት ናት። ታአራብን በስዋሂሊ ዘፈነችው። የመንደር ወሬ፣ የባለሥልጣን በደል፣ የሴት ልጅ ጥቃት የዘፈን ጉዳይ ሆነ። በ1928 ቦምቤይ ድረስ ሄዳ ሸክላ አስቀረጸች። ታአራብ የዛንዚባር የሆነው ያን ጊዜ ነው፤ መስማት ብቻ ሳይሆን መፍረድ የሚችል አድማጭ ሲያገኝ።

ያ ፍርድ ዛሬም በዓይን ይታያል። በታአራብ ምሽት አንዲት ሴት ስንኙ ልቧን ሲነካው፣ ወይም ለባላንጣዋ መልስ ሆኖ ሲመቻት፣ ከወንበሯ ትነሳለች። የምትሸልመውን ገንዘብ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በዘፈኑ ምት ቀስ እያለች ወደ ዘፋኟ ትሄዳለች፤ ያቺ የታሰበችው ሴት ማዶ ተቀምጣ እያየቻት ነው። አዝማሪ ቤት ተነስቶ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ የሚያውቅ ያገሬ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ዘፋኟ ግጥሙን ብታፈዘው የሚነሳ የለም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ጎብኚ ቃሉን ባይሰማም እንኳ ጉዳዩ እሱን እንደማይመለከት፣ እሱ ባይመጣም ምሽቱ እንደሚደምቅ ይረዳል። ከዚህ ጋር በየሆቴሉ የሚዘፈነውን «ጃምቦ ብዋና» አስተያዩት። ብዙ እንግዳ የደሴቲቱ የድሮ ዘፈን ይመስለዋል፤ ዘፈኑ ግን ዜም ማሽሩምስ የተባለ የኬንያ ባንድ በ1982 ያወጣው ነው። ስለ መጥፎነቱ አይደለም የማወራው፤ ደስ የሚል ዜማ ነው። ሆቴል ውስጥ ሲዘፈን ግን የሚሰማው ነገ የሚሄድ ሰው ነው። ስለዚህ ቢሳሳቱትም ቢያሳምሩትም ያው ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ልለው አልፈልግም። ታአራብ ከካይሮ መጥቶ የዛንዚባር ከሆነ፣ የሆቴሉ ዘፈንና የባሕር ዳሩ የማሳይ ዝላይስ ነገ የዛንዚባር የማይሆኑት ለምንድን ነው? ሊሆኑ ይችላሉ። የዛንዚባር ልጆች ያንን ዝላይ ለራሳቸው ሠርግ የፈለጉት ዕለት፣ አክስቶቻቸውም «እንዲህ አይዘለልም» ማለት የጀመሩ ዕለት የእነሱ ይሆናል። እስካሁን አልሆነም። እነዚያ ጎረምሶች ከዋናው ምድር ለእንጀራ የመጡ ናቸው፤ የሚያርሟቸው ሽማግሌዎች ያሉት እዚያው ከብቶቻቸው ዘንድ ነው። ሰዎቹ እውነተኛ፣ ጥረታቸውም የሚከበር ነው። «ዛንዚባርን አየሁ» ብሎ የእነሱን ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ግን ያየው ሌላ ነገር ነው።

የቅመም ጉብኝቱም እንዲሁ ነው። አስጎብኚው ቅጠል እያሸ ያስሸትታል፣ ቀረፋና ገውዝ እያሳየ «ምንድን ነው?» ይላል፤ አንድ ወጣት እየዘፈነ ኮኮናት ዛፍ ላይ ይወጣል። ትምህርት አለው፣ አይነቀፍም። ነገር ግን ዛሬ አብዛኛው ቅርንፉድ የሚመረተው በእህት ደሴቷ በፔምባ ነው። እዚያ በለቀማ ወቅት መንገድ ዳር ምንጣፍ ላይ የሚሰጣው ቅርንፉድ ድርቀቱንና ደረጃውን የሚመረምር ገዢ ይጠብቀዋል። በጉብኝቱ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው ደግሞ ዛፉን ማን ተከለው የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ጎብኚ ሽርሽሩን አያበላሽም፤ አብዛኛው አስጎብኚ ያውቀዋልና ሲጠየቅ ይናገራል።

በእኔ ዓይን ከደሴቲቱ ነገር ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው በምሥራቁ ጠረፍ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ የሚታየው ነው። ባሕሩ ሲሸሽ መሬቱ በመቶ ሜትሮች ይራቆታል። ያን ጊዜ ሴቶች ረዥም ልብሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው፣ በተተከሉ እንጨቶች መካከል የተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት በትንሽ ክር ለብቻዋ ትቋጠራለች። ቋጠሮው ከላላ ማዕበል ይወስዳታል፤ ከጠበቀ ግንዷ ይቆረጣል። የደረሰው ተሰብስቦ ዳርቻው ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በባሕር ማዶ ፋብሪካዎች አይስክሬምና የጥርስ ሳሙና ለማወፈር ይውላል። ይህም «ጥንታዊ» አይደለም፤ በንግድ የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ከፊሊፒንስ በመጣ ዝርያ ነው። ሆኖም አንዲት ሴት ከቤቷ ሳትለይ የራሷን ገንዘብ በእጇ የያዘችበት ሥራ ስለሆነ የመንደሩን ኑሮ ለውጧል። አሁን ባሕሩ እየሞቀ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ እየሞተባቸው ነው። ጎብኚው በዚያው ሰዓት ካሜራውን ደግኖ ይቆማል፣ በገመዶቹም መካከል ይረማመዳል። ፎቶው ላይ ያለው ሰማያዊ ውሃ የእርሻ ማሳቸው መሆኑን የሚነግረው የለም። ሥራው ምን እንደሆነ የምታስረዳ ሴት ቀጥሮ፣ ከፍሎ፣ ከባሕር አረሙ የሚሠሩትን ሳሙና ገዝቶ የሚሄድ ጎብኚ ግን የባለቤቶቹን ውሎ በባለቤቶቹ አፍ ሰማ።

«ይህ ሁሉ ክርክር ለጠገበ ሰው ነው፤ ሆቴል ውስጥ የሚዘፍነው ልጅም ቤተሰብ ያበላል» የሚሉ ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው። ቱሪዝም ከደሴቲቱ ኢኮኖሚ ሲሶ ያህሉን እንደሚይዝ ይገመታል። ዘፋኙን አትክፈሉት አልልም፤ ክፈሉት፣ በደንብ ክፈሉት። የምለው፣ ገንዘብ አቅጣጫ አለው ነው። ምግቡም መጠጡም ሽርሽሩም አስቀድሞ በአውሮፓ በተከፈለበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ሳምንቱን የሚጨርስ እንግዳ ገንዘቡ መንደር አይደርስም። በመንደር ሰው እንግዳ ማረፊያ ያደረ፣ እዚያው የተወለደ መሪ የቀጠረ፣ የታአራብ ክበብ መግቢያ የከፈለ ሰው ገንዘብ ግን አራሚ ላለው ነገር ይደርሳል። «እኔ ደክሞኛል፣ አንድ ሳምንት ልተኛበት ነው የምሄደው» ለሚል ደግሞ ምንም ተቃውሞ የለኝም። አሸዋው ላይ መተኛት ሐቀኛ ዕረፍት ነው። ለግማሽ ሰዓት ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ክፍል አስበትኖ፣ ከረሜላ በትኖ፣ ከልጆች ጋር ፎቶ ተነስቶ «ከሕዝቡ ጋር ኖርኩ» ከማለት መተኛቱ በጣም ይሻላል።

ሌላው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ እንግዳ ወደ እውነተኛው ኑሮ በገባ ቁጥር ኑሮውን ያበላሸዋል የሚለው። ለዚህ መልስ ያላቸው ዛንዚባሮች ራሳቸው ናቸው፤ የትኛው በር ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ ያውቃሉ። ኡንያጎ የሚባለው ልጃገረዶች ለትዳር የሚዘጋጁበት የሴቶች ሥርዓት ለወንድ ዝግ ነው። በ2013 ያረፈችው ታላቋ ዘፋኝ ቢ ኪዱዴ የዓለምን መድረክ እየዞረች ስትዘፍን የኡንያጎ አስተማሪም ነበረች፤ የመድረኩንና የጓዳውን ድንበር ታውቀው ነበር። በረመዳን ቀን የአገሬው ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ መንገድ ላይ የሚበላ እንግዳ ያስቀይማል። በሌላ በኩል በምዋካ ኮግዋ ቀን በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። ወንዶቹ በሙዝ ግንድ ይደባደባሉ፣ የዓመቱን ቂም ይወጣሉ፤ ሴቶቹ አጊጠው እየዘፈኑ ይዞራሉ፤ የሣር ጎጆ ይቃጠላል፤ ከዚያ ድግስ ነው። በዚያ ቀን እንግዳ ያላስተናገደ ቤት ደስታ የለውም ይባላል። ባለቤቱ ሲጠራ መግባት፣ ሳይጠራ መቅረት፤ ለእኛ ለሐበሾች ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

አሁን የሚያሰጋኝ ባህሉ መለወጡ አይደለም፤ ሲለወጥ ነው የኖረው። የሚያሰጋኝ አራሚዎቹ ቦታቸውን መልቀቃቸው ነው። በ2000 በዩኔስኮ በተመዘገበችው ስቶን ታውን ጠባብ መንገዶች ላይ በየቤቱ ግድግዳ ሥር ባራዛ የሚባል የድንጋይ መደብ አለ። ጆስ ኮርነር በምትባለው አደባባይ ሰዎች በትንንሽ ሲኒ ቡና እየጠጡ ዶሚኖ ይጫወታሉ፣ ፖለቲካ ይከራከራሉ፣ የአላፊውን ልብስ ያያሉ፣ ይተቻሉ። ከመደቡ በስተጀርባ ያለው ቤት ሆቴል ሲሆን ተቺው ወደ ከተማ ዳር ይሄዳል፤ መደቡ ይቀራል፣ የሚቀመጥበት እንግዳ ይሆናል። በ2024 ደሴቲቱን ከ700 ሺህ በላይ እንግዳ ጎብኝቷታል፤ ነዋሪዎቿ ግን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ናቸው።

ስለዚህ ትኬት የቆረጣችሁ ወዳጆቼ፣ ለአስጎብኚያችሁ ይህን ጥያቄ አቅርቡ፦ «እኛ ባንመጣ ይህ ነገር ዛሬ ይደረግ ነበር ወይ?» አዎ ካለ ማን እንደሚመራው ጠይቁና ለእሱ ክፈሉ። አይደለም ካለም ተደሰቱበት፣ ዋጋውን ክፈሉ፣ ስሙን ግን «እውነተኛዋ ዛንዚባር» አትበሉት። ከተማ ስትገቡ ትከሻና ጉልበታችሁን ሸፍኑ፤ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የድንቆች ቤት ፊት ለፊት ስትደርሱም ያሠራው ሰው የሐበሻ ልጅ እንደነበር አብረዋችሁ ላሉት ንገሯቸው።